የጌዶው እንግዳ

አምቦ ውስጥ ሁለት ልጆች እጠብቃለሁ፤ ሚልኪንና ታናሽ ወንድሟን አቤልን። እናታቸው ሥራ ስትውል ከእኔ ጋር ናቸው። በቀደም እናቴን ልጠይቅ ጌዶ ሄጄ ስመለስ፣ ገና የግቢውን በር ስገባ እየሮጡ መጡ። ዘንቢሌን አስቀምጬ ላቅፋቸው እጄን ዘርግቼ ስጎነብስ በጎኔ አልፈው እሱው ላይ ሰፈሩላችሁ! "ምን አመጣሽልን?" ይሉኛል። "ኧረ እናንተ ልጆች! መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣሽ አይባልም?" ብል ማን ሰምቶኝ! አቤል፣ "ብስኩት ነው ወይስ ከረሜላ?" እያለ እጁን እስከ ክርኑ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተ።

ውስጡ ያለው ግን እናቴ ለቤቱ ብላ የላከችው ቀይ አውራ ዶሮ ነው። የታሰረበት ገመድ መንገድ ላይ ላልቶ ኖሮ፣ ክንፉን እያራገበ ዘሎ ወጣና ግቢውን ሙሉ ያሯሩጣቸው ጀመር። አቤል እየጮኸ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሚልኪ ግን ግድግዳው ጋ ስትደርስ መሸሻ አጣች። ቀስ ብላ ዞረች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ "እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ!" አለችው። ዶሮውም እውነትም ቆም አለ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አጥቤ አብልቼ የማሳድጋቸው እኔ አንቺ ስባል፣ አንቱ የተባለው ዶሮው!