አንድ ቀን ብቻ የወደቁት አቶ ነገራ

ወገኖቼ፣ የተማሩ ልጆች ሞልተው ሳለ ይህን የአቶ ነገራን የሕይወት ታሪክ ወረቀት እኔ አክስታቸው ሸዋ መርጋ የያዝኩት፣ ሲወለዱም በእጄ የተቀበልኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ንባቡ ላይ ብደናቀፍ ታገሱኝ፣ ብትስቁም ግድ የለም፣ እሳቸው ሳቅ ይወዱ ነበር።

አቶ ነገራ ኦላና ከአባታቸው ከአቶ ኦላና ዲንሳና ከእህቴ ከወይዘሮ አያንቱ መርጋ በ1970 ዓ.ም. በኡካ አካባቢ ተወለዱ፤ ያን ቀን እልልታዬ የጎረቤት ላም አስደንብሯል እየተባልኩ እስከ ዛሬ እታማለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው እንደ አባታቸው ንብ አናቢ ሆኑ፤ ረጅሙ ዛፍ ጫፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ከታች ቆሞ የሚያየው ሰው ይፈራ ነበር እንጂ እሳቸው አይፈሩም።

በ1993 ዓ.ም.፣ ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ወባ አንቀጥቅጧቸው ቡሬ ገበያ መሀል ወድቀው ተንፈራገጡ። ያያቸው ባለሙያ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ካርዳቸው ላይ ጻፈና ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘ። የሚጥል በሽታ አለበት የተባለ ሰው ደግሞ ዛፍ አይወጣም፣ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ በአገራችን ዛፍ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅልበት ሰው ንብረት ነውና በአባታቸው ዛፎች ላይ ሌሎች ቀፎ ሰቀሉ፤ የእጮኛቸውም ቤተሰብ ጥሎሹን መለሰ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኩባያቸውን ለብቻ አስቀመጥኩ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው የሚሰቅለውን ቀፎ ሠሩ፤ በየወሩም በእንቅልፍ የሚያዳፋቸውን ኪኒን ሊቀበሉ መቱ ይመላለሱ ነበር። አንድም ቀን አልወደቁም። እኛም ይህን እያየን፣ አይ ኪኒን፣ እንዴት ያለ መድኃኒት ነው እንል ነበር!

በ2010 ዓ.ም. መቱ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም ስንት ጊዜ ወደቁ ብላ ጠየቀቻቸው፤ አንድ ጊዜ አሉ። በወር ነው በዓመት ብትላቸው፣ በዕድሜዬ አሏት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። መርምራ፣ ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስትታ፣ ያኔ የጣላቸው ወባ ብቻ እንደነበር ጻፈችላቸው። ወረቀቱ በእድር ስብሰባ ሲነበብ ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ኪኒኑ አድኗቸው ነው አለ። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ደክሟቸው ነበር።

በዓመቱ ወይዘሮ ሆሳዕናን አግብተው ልጃቸውን ገሊላን ወለዱ፤ በሠርጉ የጨፈርኩት ጭፈራ ይኸው እስከ ዛሬ ያስነክሰኛል።

አምና ሆዳቸውን ሲያማቸው ግን ደበቁን። ሆሳዕና ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች ስትለምናቸው፣ ሌላ ስም የምሸከምበት ትከሻ የለኝም ይሏት ነበር። ተሸክመን ስናደርሳቸው አንጀታቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ተባልን። በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ፣ ያው የድሮ በሽታቸው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አይደለም። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና የአምስት ዓመቷን ገሊላን ትተውልናል፤ ልጅቷ አድጋ አባቴ ምን ሆኖ ሞተ ብላ የጠየቀቻችሁ እንደሆነ፣ ሐኪም ፈርቶ ነው፣ ያስፈራነውም እኛ ነን በሏት። አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማይሸሻቸው ስፍራ ያኑርልን፤ አሜን።