ቡችላውና የቡሬ በርበሬ
ስሙኝማ፣ አትከስሩም። የጎረቤቴ የአያ ደምሴ ቡችላ በተቅማጥ ሊሞትባቸው ሲል፣ ስልኬ ላይ እንዳነበብሁት ስኳርና ጨው በፈላ ውኃ በጥብጬ፣ አቀዝቅዤ፣ በሲሪንጅ አፉ ውስጥ ጠብ እያደረግሁ ሦስት ቀን አስታመምሁት። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ቆመ። ደስ ብሎኝ ሩዝ ቀቅዬለት ብመጣ፣ አያ ደምሴ ለቡችላው የፈተፈቱትን እንጀራ በቡሬ በርበሬ እያቀሉ ጠበቁኝ።

«ኧረ አያ፣ አንጀቱ ገና አልሻረም እኮ!»

«ኃይለኛ ይሁን ብዬ ነዋ! ሌባ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ ነው በቆሎዬን የሚጠብቅልኝ?»

«እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በርበሬ በልተዋል፤ ማንን ነከሱ?»

«እኔን ነዋ!» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ።

ቡችላው አፉን ሊያስገባ ሲል ተናድጄ ሳህኑን ብነጥቅ፣ እጄን ነከሰኝ። በርበሬውን ገና አልቀመሰውም እኮ! አያ ደምሴ ግን «አየህ፣ ሠራ!» ብለው ሳቁብኝ።

እናንተም ቡችላ ሲታመምባችሁ ውኃውን ሞክሩት፤ በርበሬውን ተዉት። ብቻ ሊበላ ሲል ሳህኑን አትንኩበት።