ባርኔጣ ውስጥ ያልገባው ስም

(ጧት፣ በአንድ የአበባ እርሻ፣ ከጽጌረዳው ግሪንሃውስ ጀርባ፤ ስንዱ ከአበባ ቆራጭነት ተነስታ የሴቶቹ አለቃ ከሆነች ገና ወር አልሞላትም፤ የድሮ ደባሏ ትርፌ የርጭት ቱታ ለብሳ ማስኩን በእጇ ይዛለች።)

ትርፌ፦ አልገባም አልኩሽ እኮ፣ ስንዱ። ሌላ ሰው አስገቢ።

ስንዱ፦ ዕጣ ነው ያስገባሽ። እኔ አይደለሁም።

ትርፌ፦ ዕጣ እግር የለውም፣ ራሱ መጥቶ አልያዘኝም። ከባርኔጣሽ ውስጥ ነው የወጣው።

ስንዱ፦ ያወጣችው ዘነቡ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ሴቱ ሁሉ እያየ። ከዚህ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልመድብ? ብዙዓየሁን ማሸጊያ ክፍል ባስገባት «የአገሯ ልጅ ስለሆነች ነው» ተባልኩ። አንቺን ከባልዲ ሸክም ባወጣሽ «ያው የቤቷ ሰው ናት» ተባልኩ። ዛሬ ማንም እንዳያማኝ በዕጣ ባደርገው ደግሞ አንቺ መጣሽብኝ።

ትርፌ፦ አንድ ቀን ብቻ። የመርጫውን ጎማ መጎተቱን ለሌላ ስጪልኝና የፈለግሽውን አሠሪኝ። ሽንት ቤቱን ልጠብ። የተቆረጠውን ቅጠል ሁሉ ብቻዬን ልጥረግ።

ስንዱ፦ የሚረጨው ገረሱ ነው። ያንቺ ሥራ ከኋላው ሆነሽ ጎማውን ማሳለፍ ብቻ ነው። ምን አለው?

ትርፌ፦ ምን አለው? አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው? ገረሱ ወደ ፊት ይረጫል፣ ጉሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ የታዘዘው ለአበባው፣ የሚጠጣው ጎማ ጎታቹ። አምና ጎትተሽ ወር ሙሉ ስትስዪ ጀርባሽን ማን ነበር የሚያሽልሽ?

ስንዱ፦ አንቺ ነበርሽ።

ትርፌ፦ ያኔ አንድ ፍራሽ ላይ ነበርና የምናድረው። አሁን አለቃ ፍራሽ አይጋራም።

ስንዱ፦ ንቄሽ አይደለም ቤት የለየሁት። «ከሠራተኛ ጋር እየኖርሽ ሠራተኛ አታዢም» ብለውኝ ነው። ይኸው ለየሁ፤ አሁንም ማዘዝ አልቻልኩም።

ትርፌ፦ እሱስ ደህና አድርገሽ ችለሻል። ሹመት ያዳብር።

ስንዱ፦ አታሹፊብኝ፣ ትርፌ። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ትርፌ፦ ያ የአለቆች ሥልጠና ምን አስተማራችሁ? ያን ቀን ብስኩቱን ይዘሽልኝ መጣሽ፣ ትምህርቱን ግን ደበቅሽኝ።

ስንዱ፦ አሰልጣኙ ሥራ ስትመድቡ መጀመሪያ ሰውየውን እወቁ ብሎናል። ምን ይችላል፣ ምን ይከብደዋል፣ ጠይቁት አለ። ይችላል ብላችሁ በአንድ ሰው ላይ አትደራርቡ አለ። ደግሞ ሥራ ስትሰጡ ሥልጣኑንም አብራችሁ ስጡ አለ። እኛም ጻፍን።

ትርፌ፦ አፉ ቅቤ ይጠጣ። ታዲያ ጠየቅሽኝ?

ስንዱ፦ እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ሥራውን ሰጡኝ፣ ሥልጣኑ ማናጀሩ ጋ ቀረ። ጎማ ጎታቾቹ ለአጨዳ አገራቸው ገቡ፤ ሰው ቅጠር ስለው «ካሉሽ ሴቶች መድቢ» አለኝ። የማስኩ ማጣሪያ አልቋል ስለው «ተጠንቅቀው ይጠቀሙበት» አለኝ። ማጣሪያ የሌለውን ማስክ እንዴት ነው ተጠንቅቆ መጠቀም? ቅጠሉ ላይ ሻጋታ ወጥቷል፤ ዛሬ ካልተረጨ የበዓሉ አበባ አይጫንም። ካልተጫነ ደግሞ የሚጠራው የኔ ስም ነው።

ትርፌ፦ በይ አሁን ጠይቂኝ።

ስንዱ፦ ምን ብዬ?

ትርፌ፦ አሰልጣኙ እንዳለው ነዋ። «ትርፌ፣ ምን ይከብድሻል?» በዪኝ።

ስንዱ፦ አልጠይቅሽም።

ትርፌ፦ ለምን?

ስንዱ፦ ዓይን ስላለኝ። እዚህ ከቆምን ጀምሮ አንዱ እጅሽ ከሆድሽ ላይ አልተነሳም። ሰኞ ዕለት ምሳ ላይ ሽሮው ሲሸትሽ ወጥተሽ ሮጥሽ። ዝም ያልኩት ሳላይ ቀርቼ አይደለም።

ትርፌ፦ ካየሽማ ...

ስንዱ፦ አትንገሪኝ! ከነገርሽኝ ሰማሁ ማለት ነው። ኮንትራት የሚታደሰው በዚህ ወር ነው። ማናጀሩ ትናንት ጠርቶኝ «ከሴቶችሽ ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «የነገረችኝ የለችም» አልኩት። እውነቴን ነበር። እባክሽ ዛሬም እውነቴን ሆኖ ይዋል።

ትርፌ፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ ነበር። እዚህ የሚያወጣው ኬሚካል ሆነ።

ስንዱ፦ እንዲህ አትበዪ።

ትርፌ፦ እሺ፣ ስለ ራሴ አልነግርሽም። ስለ ሌላ ሴት ላውራሽ። ይሄንንም አልሰማም ትያለሽ?

ስንዱ፦ አውሪ።

ትርፌ፦ አንዲት ሴት አለች። ጉልበታም ናት አሉ። ካንቺ በፊት የነበረው አለቃ ከባድ ነገር በመጣ ቁጥር «ትርፌ ... እ ... ያቺ ሴት ትችለዋለች» ይል ነበር። ባልዲ ሲበዛ እሷ፣ ሰው ሲቀር እሷ። እሷም ሞኝ ናት፣ ትችለዋለች ሲባል ደስ ይላት ነበር። አምና አንድ ቀን ባልዲ ስትሸከም ውላ ማታ ሆዷን ቆረጣት። ጓደኛዋ ...

ስንዱ፦ በጋሪ ነው የወሰድኩሽ። ባለ ጋሪው ፍራሼ በደም ይበላሻል ቢል ነጠላዬን አነጠፍኩለት።

ትርፌ፦ ስለ ሌላ ሴት ነው የማወራው አልኩሽ።

ስንዱ፦ አውቃለሁ። ነጠላው ግን የኔ ነበር።

ትርፌ፦ ክሊኒክ ስትደርስ አልቆ ነበር። ነርሷ «ልጅ ነሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» አለቻት። ይኸው ሰጣት። ባሏ ድንጋይ ካባ ላይ ነው የሚሠራው፣ በስልክ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር አዲስ ስም ያመጣል። አትጥራው፣ ገና ነው ትለዋለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን እሷም ስሙን ትሞክረዋለች፣ ብቻዋን። አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም፣ ስንዱ። እኔ ... እሷ ፈርታለች። በጣም ፈርታለች።

ስንዱ፦ ለማናጀሩ ልንገረው? ቀላል ሥራ ይሰጥሽ ልበል?

ትርፌ፦ አምና ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀላል ሥራ ይሰጣት የተባለችው ልጅ የት አለች?

ስንዱ፦ ኮንትራቷ አልታደሰላትም።

ትርፌ፦ የቤት ኪራዩን የምከፍለው በዚህ ነው። ያለዚህ ሥራ ልጁን የት ልውለደው?

ስንዱ፦ እና ምን ላድርግሽ? ብናገር ኮንትራትሽ፣ ዝም ብል ሆድሽ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ አለቃ ጓደኛም እንዲያው ነች።

ትርፌ፦ ሌላ ሰው አስገቢያ።

ስንዱ፦ እሺ፣ ባርኔጣውን ተዪው። አንቺ አለቃ ነሽ እንበል። ስም ጥሪልኝ።

ትርፌ፦ ብዙዓየሁ።

ስንዱ፦ እያጠባች ነው። የሚያጠቡትን ሁሉ ከዕጣው አውጥቻለሁ።

ትርፌ፦ የምታጠባዋ ልጇ ስለሚታይ ተዘነላት። ያልታየው ግን ዕጣ ወጣበት።

ስንዱ፦ ሌላ ጥሪ።

ትርፌ፦ ዘነቡ።

ስንዱ፦ በዚያ ጉልበቷ? ከሰርቪስ የምትወርደው ሰው ደግፏት ነው። ያን የሚያህል ጎማ ልትጎትት?

ትርፌ፦ እታገኝ።

ስንዱ፦ ገና መቼ መጣችና? ትናንት ማስኩን ገልብጣ አጥልቃ ቢስቁባት አለቀሰች። የሚረጨው ውሃ ነው ቢሏት ታምናለች። እሷን እዚያ ጉም ውስጥ ላስገባ?

ትርፌ፦ አይ። እሷንስ ተያት።

ስንዱ፦ ሌላ ጥሪ።

ትርፌ፦ ያቺ ... አይ፣ እሷም አትሆንም።

ስንዱ፦ አየሽ? ገና የሰው ስም ስትጠሪ አፍሽ ተያዘ። እኔ በየጧቱ እንዲህ ነኝ። አንቺም አለቃ ብትሆኚ ዕጣ ነው የምትጥዪው።

ትርፌ፦ ግን እነ ዘነቡም ባርኔጣው ውስጥ ነበሩ እኮ። ዕጣው እታገኝ ላይ ቢወጣስ?

ስንዱ፦ ያኔማ ... ዕጣው ነዋ።

ትርፌ፦ በስሟ ጠርተሽ የማታስገቢያትን ልጅ በዕጣ ታስገቢያት ነበር። ዕጣ ማለት እንግዲህ አለቃ ዓይኗን የምትጨፍንበት ነው። ዘነቡ ብቻ አይደለችም የጨፈነችው።

ስንዱ፦ ታዲያ እንዴት ልሁን? ብመርጥ አድልዎ፣ ባልመርጥ ዓይን መጨፈን። ቢቸግረኝ እኮ ነው። እኔ ማዳላት ያቅተኝ እንደሆን እንጂ መፍረድ አያቅተኝም ብዬ ነበር፤ ለካ ሁለቱም የሚያቅት ነገር አለ።

ትርፌ፦ ገረሱ እየተጣራ ነው።

ስንዱ፦ ይጣራ።

ትርፌ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝም?

ስንዱ፦ ለመቆጣት አቅሙ የት አለኝና።

ትርፌ፦ ዘነቡ የኔን ካወጣች በኋላ የቀሩትን ወረቀቶች በሩ ጋ ደፋችኋቸው። እጄ ሥራ ሲፈታ አይወድም፣ አንድ በአንድ ፈታኋቸው።

ስንዱ፦ የተደገመ ስም አገኘሽ? በእናቴ ይሁንብኝ፣ የማንንም ሁለት ጊዜ አልጻፍኩም።

ትርፌ፦ አልተደገመም። ንጹሕ ነው። ያጣሁት ያንቺን ነው።

ስንዱ፦ የኔን?

ትርፌ፦ ስንዱ የሚል የለም።

ስንዱ፦ እኔማ አለቃ ነኝ።

ትርፌ፦ አዎ።

ስንዱ፦ አለቃ ዕጣ ውስጥ ይገባል እንዴ? አሰልጣኙም አላለ። ማናጀሩም አላለ።

ትርፌ፦ እኔም አላልኩም። ያጣሁትን ነው የነገርኩሽ።

ስንዱ፦ ... አልመጣልኝም፣ ትርፌ። ተንኮል እንዳይመስልሽ። ተቀምጬ አንድ በአንድ ስጽፍ የሁላችሁም ፊት ታየኝ፣ የኔ ግን አልመጣልኝም። ወር እንኳ ሳይሞላኝ! ወር ሳይሞላኝ ራሴን ከሰው ለየሁ።

ትርፌ፦ አታልቅሺ። ሴቶቹ ያዩሻል።

ስንዱ፦ ይዩኝ። አምና እኮ አንቺን በጋሪ ስወስድ፣ ያን አለቃ መንገድ ሙሉ ስረግመው ነው የሄድኩት። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ባልዲውን ራሱ ባነሳው» እያልኩ። ያ ርግማን ለካ ለኔም ነበር።

ትርፌ፦ ተዪው አሁን። ልግባ በቃ። አፌን በጨርቅ አስሬ፣ ዳር ዳሩን እየሄድኩ ... ከእግዜር ጋር እወጣዋለሁ።

ስንዱ፦ የት ነው የምትገቢው? ቁሚ። ወረቀት አለሽ?

ትርፌ፦ የአበባ ካርቶን ቁራጭ ነው ያለኝ። ለምንሽ?

ስንዱ፦ ዕጣው ይፍረስ። አለቃዋ ስሟን ሳታስገባ የወጣ ዕጣ፣ ዕጣ አይባልም። ለሴቶቹ እንዲህ ነው የምላቸው፦ «የራሴን ስም ረስቼ ነበር፣ እንደገና ይውጣ።» በዚህ የሚከፋ ሰው የለም።

ትርፌ፦ እነሱስ ደስ ይላቸዋል። ግን ደግሞ የኔ ቢወጣስ? ዕድሌን ታውቂው የለ።

ስንዱ፦ ካርቶኑን ቁረጪና አቀብዪኝ። እኔ ልጻፍ፣ አንቺ እጠፊ።

ትርፌ፦ አትንከሺው ብዕሩን። ... በይ ይኸው። ... ይኸው። ... ምነው እንዲህ ፈጠንሽ? የብዙዎቹ ስም እኮ ረጅም ነው።

ስንዱ፦ እጠፊ ዝም ብለሽ።

ትርፌ፦ ስንዱ።

ስንዱ፦ እ?

ትርፌ፦ ይሄ ያንቺ ነው።

ስንዱ፦ እጠፊው።

ትርፌ፦ ይሄም ያንቺ ነው። ይሄኛውም ... ምን እያደረግሽ ነው? ደረትሽስ? አምና ደም እስክትተፊ ነበር እኮ የሳልሽው።

ስንዱ፦ ለኔ ደረት ጀርባ የምታሽ ሰው አለች። ላንቺ የአምናውን ማን መለሰልሽ?

ትርፌ፦ ቢነቁብሽስ?

ስንዱ፦ አለቃ ለማምለጥ ዕጣ ስታጭበረብር ሰው ይነቃል። ለመግባት ስታጭበረብር ማን ጠርጥሮ ያውቃል?

ትርፌ፦ ርጭቱ ነገም አለ። ከነገ ወዲያም። ሁልጊዜ እንዲህ አትችዪም።

ስንዱ፦ አልችልም። ነገን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም፣ ትርፌ። አትጠይቂኝ። የማውቀው ዛሬን ብቻ ነው።

ትርፌ፦ ስንዱዬ ...

ስንዱ፦ ቱታውን አውልቂና ማስኩን ስጪኝ። ወረቀቶቹን ደግሞ ደህና አድርገሽ እጠፊ፣ ጽሑፉ እንዳይታይ። ባርኔጣዬንም ውሰጂና አሁንም ያችው ዘነቡ ታውጣ፤ የትኛውንም ብታነሳ እጇ አይሳሳትም።