ከክንድ የማትበልጥ አውሮፕላን

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ እጅጋየሁ አበጀ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ ቀሐ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡30 ሰዓት

ሰኞ ጥቅምት 25 ቀን በቁጥጥር ሥር የዋለው ሙሉሰው አበጀ ታላቅ ወንድሜ ሲሆን በአንድ ግቢ እንኖራለን። የጦር አውሮፕላን ጠጋኝ ሆኖ አገልግሎ በጡረታ የወጣ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነው። እኔ ባሌ ሞቶብኝ ሁለት ተማሪ ልጆች አሳድጋለሁ። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ የመጣሁት ወንድሜ የሰጠው ቃል ሐሰት ስለሆነ ነው። ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ።

አውሮፕላኗ የፕላስቲክ ናት። ቁርጥራጯ በካርቶን ታሽጎ የመጣ ሲሆን፣ ወንድሜ እያንዳንዷን ቁራጭ በምላጭ እየለየ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ በማጣበቂያ እየገጠመ ሰባት ወር ፈጅቶባታል። በወጣትነቱ ይጠግናት የነበረች ሚግ ናት ይላል። ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ የእርሳስ ጥቁሩን ፈጭቶ የጭስ መውጫዋን ማጠቆር፣ ክንፏ ላይ የዘይት ፍሳሽ መሳል ጀመረ። እኔም ተናድጄ "ምነው፣ ስንት የለፋህባትን ታቆሽሻታለህ?" ስለው "ንጹሕ ሆና ከጦርነት የተመለሰች አላየሁም" አለኝ። እንዲህ ያለ ግትር ነው። እኔም ብሆን ከእሱ አልሻልም።

ቅዳሜ ጥቅምት 23 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ አብረን ወደ ኮሶዬ ሄድን። ገደሉ አፋፍ ላይ ሁለት ሽመል ተክሎ አውሮፕላኗን በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር አንጠለጠላት። ካሜራው የሚሻለው የእኔ ስልክ ስለሆነ በእሱ፣ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ አነሳት። ክሩ አይታይም። ከኋላዋ ተራራው ስላለ፣ እውነተኛ አውሮፕላን ዝቅ ብላ በኮሶዬ ገደል ላይ የምትበር ትመስላለች። ሙሉሰው ፎቶውን አይቶ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ከጡረታው ወዲህ አይቼው አላውቅም። ወዲያው ግን "ለማንም እንዳታሳዪ፣ ሰው ይደነግጣል" ብሎኛል። ይህንን በደንብ ጻፉልኝ ብዬ አስመዝግቤያለሁ።

እሑድ ጥቅምት 24 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ግን በወንድሜ መኩራት አማረኝ። ፎቶውን ከኮሶዬ በታች በገጠር ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለየትነበርሽ ላክሁላት። የትነበርሽ ማንበብ ስለማትችል አስከትዬ በድምፅ "የቱ፣ የሙሉሰውን እጅ እይልኝ! የፕላስቲክ ናት፣ ከክንድ አትበልጥም እኮ" ብዬ ቀዳሁ። ፎቶው ሄደ፤ ድምፁ ኔትወርክ ተቋርጦ ቀረ። መቅረቱን አይቻለሁ። "ቆይቶ ይሄዳል" ብዬ ስልኩን አስቀምጬ ምሳ ልሠራ ጓዳ ገባሁ። አወይ እኔ! አይቼ ነው የተውሁት።

በዚያ ሰዓት የትነበርሽ የጎረቤት ተዝካር ላይ ነበረች። በዚያ አገር ዛሬ ዛሬ አውሮፕላን መጣ ከተባለ ሰው ከዳስ ሥር ተሰብስቦ አይቆይም፤ ዳሱን ጥሎ ይበተናል። እዚያ ከነበሩት እንደሰማሁት፣ የትነበርሽ ፎቶውን አይታ "ከጎንደር ነው የተላከልኝ፣ ያው የእኛው ገደል ነው!" ብላ ጮኸች። ስልኩን የተቀባበሉት ሁሉ ቦታውን ለዩት። ፎቶውን ወደ ራሳቸው ስልክ የወሰዱም ነበሩ፤ ከተማ የደረሰው በእነሱ ነው። ሰው ለመከለል ግልብጥ ብሎ ወደ ገደሉ ሥር ሲሮጥ የትነበርሽ የመጨረሻ ልጇን እንዳዘለች ተንሸራታ ወደቀች። ሕፃኗ ተርፋለች። የትነበርሽ እዚያው ሞተች፤ ስልኳም ስለተሰባበረ ማን እንደላከላት ያወቀ የለም።

ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አውሮፕላኗን የሚያውቅ ጎረቤት ጠቁሞ ፖሊሶች ቤታችን ሲመጡ ወንድሜ ምንም አያውቅም ነበር። "ይህንን ማን ላከ?" ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ጊዜ እኔን አየኝና "እኔ ነኝ" አለ። እኔም ልጆቼ ያለ እናት መቅረታቸውን አስቤ ዝም አልሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጋቢውን እንኳ ሳላቀብለው ወሰዱት።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ለየትነበርሽ ሰልስት ሄጄ ከእናቷ ከአክስቴ ከወ/ሮ ይመኙሽ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ይህንን ለልጄ የላከ፣ እንደኔ ልጁን ይቅበር!" ብላ ረገመች። ለቀስተኛው ሁሉ "አሜን" አለ። ዝም ብል ይታወቅብኛል ብዬ እኔም "አሜን" አልሁ። በገዛ ልጆቼ ላይ ነው ያልሁት። ከዚያው ተነስቼ፣ ቤቴ ሳልገባ፣ መኪና ተሳፍሬ ወደዚህ መጣሁ።

ይህንን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ ሲሆን፣ በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኛል። ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ቃል ተቀባዩ አሜን ያልሁበት ቢቀር ይሻላል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እንዲቀመጥ ያልሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ዛሬውኑ ይፈታልኝ። እውነቱ ይኸው ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እጅጋየሁ አበጀ
ቃል ተቀባይ፦ ም/ሳጅን ሰውአገኝ መለሰ