ርብ በሞላበት ዓመት የተቀዳው የእትዬ ጸሐይነሽ ዘፈን

ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ደገፍ በሉ፤ ንግግሬ አጭር ነው። ማለቴ፣ ባለቤቴ አጭር ይሁን ብላኛለች። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ማረው እባላለሁ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዛሬ ለምንሸኛቸው የሙዚቃ መምህርታችን፣ ለእትዬ ጸሐይነሽ፣ መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላ ባልደረባቸው ነበርሁ። በሁለቱም ዘመን ተቆጥተውኛል።

እትዬ ጸሐይነሽ ወረታ የገቡት በአይሱዙ ነው። ፒያኖውን ከአዲስ አበባ ድረስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ እሳቸው ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ከሾፌሩ አጠገብ። የበር ጠባቂያችን ጋሽ ቢሻው ያን ሳጥን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሏቸው። እሳቸው የአገሩ ሰላምታ መስሏቸው፣ «አሜን፣ እርስዎንም ያጥናዎ» አሉ። ጋሽ ቢሻው ሬሳ እናውርድ ብለው ጎረምሳ ሰበሰቡ። ብድግ ሲያደርጉት ሳጥኑ ከውስጥ «ጓ» አለ። ጋሽ ቢሻው የቆሙት ገበያው ዘንድ ደርሰው ነው ይባላል። ይኸውላችሁ፣ እዚያ ተቀምጠው አሁንም አልሮጥሁም ይላሉ።

ክረምት ሲመጣ ሌላው ሰው ከጎርፉ እህሉንና ከብቱን ያሸሻል። እሳቸው ፒያኖውን ብሎኬት ላይ ያሰቅሉናል። «የእርስዎ አልጋስ?» ስንላቸው፣ «አልጋ ቢረጥብ ይደርቃል» ነው መልሳቸው። ስብሰባ ላይማ ጣታቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ተገኘ ነገር ሲያስረዝሙ ያ ጣት ጠረጴዛውን መምታት ይጀምራል። ሲፈጥን አቶ ተገኘ «እንግዲህ በዚሁ እናጠቃልል» ይላሉ። ከእንግዲህ ማን እንደሚገላግለን እንጃ።

አሁን ዘፈናቸው ወደ ተቀዳበት ካሴት ልምጣ። እትዬ፣ አይቆጡኝ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ዓመት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆኖ ነበር። የእትዬ እናት አዲስ አበባ አረፉ፤ እሳቸው እዚህ ቅርብ ሐሙሲት እንኳ መድረስ አልቻሉም። ለቅሶውን እዚሁ ተቀመጡ፤ አገሬው መጥቶ አስተዛዘናቸው። ውሃው ሲጎድል በዚህ አዳራሽ ብቻቸውን ፒያኖ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸው የደረሷቸውን ዘፈኖች ዘፈኑልን። ንብረት የሚባለው የቤተ ሙከራ ባልደረባችን በቴፑ ቀዳው። የመጨረሻው ዘፈን ለእናታቸው የደረሱት ነበር። መሀል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ፣ እጃቸውም ቆመ። የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚመታው ካፊያ ብቻ ሆነ።

እኛ ደግሞ የምናውቀው አዝማሪ ነው። አዝማሪ ዝም ካለ ከአድማጭ ግጥም እየጠበቀ ነው። አቶ የኔነህ የሚባሉ የተማሪ አባት ከኋላ ሆነው፣ «ተቀበይ» አሉ፦

«ርብ ቢሞላብሽ፣ መንገድ ቢዘጋብሽ፣
እኛ አለን ፎገራ፣ እናት የምንሆንሽ።»

እትዬ በኋላ ሲነግሩኝ፣ «የተሰደብኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። እሳቸው ባደጉበት ዘፋኝን መሀል ላይ እንዲያ የሚናገር የለማ። ግን ጣታቸው ቀስ እያለ ዜማውን ፈለገ፤ ግጥሙን ተቀበሉት፤ አዳራሹም አብሮ ዘፈነ። እኔም ከተማሪዎቹ መሀል ቆሜ አለቀስሁ።

ያን ካሴት እስከ ዛሬ ለማንም አላሰሙም። «የተበላሸ ነው፤ ዘፈኔን መጨረስ አቅቶኝ ሰው ነው የጨረሰልኝ» ይላሉ። የድሮ ቅጂ የሚያሰባስቡ የባህል ባለሙያዎች ቢለምኗቸውም እምቢ አሉ።

ነገሩ የዘፈን ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ጥግ ላይ ያለችውን መምህርት ዙፋንን ተመልከቷት። አቶ የኔነህ አባቷ ናቸው። የሞቱት ነፍስ ሳታውቅ ነው። ፎቶግራፋቸው አላት፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ ካሴት በቀር የትም የለም። እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብራችሁ ስታስተምሩ አፍራ አልጠየቀችዎትም። እኔ ዓይነ ደረቁ ልጠይቅላት። ሰኞ አዲስ አበባ ነዎት፤ ከዛሬ ወዲያ መቼ እንለምንዎታለን?

ይፍቀዱም አይፍቀዱም ምስጋናችን ያው ነው። ጆሮ እንዳለኝ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ለዘፈን የሚሆን ድምፅ እንደሌለኝም እንዲሁ። ልጆቻችን ሲያጠፉ ገሥጸውልናል፤ ስናዝን ከጎናችን ተቀምጠዋል። እንወድዎታለን፣ እትዬ።

ምን አሉ፣ እትዬ?

ከኋላ ላልሰማችሁ ልድገመው። «ይዤው መጥቻለሁ፤ ሳልሄድ ለእሷው ልሰጣት ነበር። ከእሷ ቀጥሎ የፈለገ ይስማው» ነው የሚሉት። ይኸው፣ ከቦርሳቸው አወጡት። ንብረት፣ ቴፕህን ወዲህ አምጣው።

እስቲ ብርጭቋችንን እናንሣ። እትዬ ጸሐይነሽ፣ ጡረታዎ የዕረፍትና የጤና ይሁን። ደግ ጎረቤት ይግጠምዎ። ጣትዎን እግዜር ይጠብቅልን፤ ዓመት በዓል ሲመጣ እየመጡ ይጠይቁን። ለእትዬ ጸሐይነሽ።

አሁን ጸጥ በሉ። ዙፋን፣ ወደ ቴፑ ቅረቢ፤ አባትሽ ከኋላ ሆነው ነው የተናገሩት፣ ድምፃቸው ራቅ ይላል።