ስም እየጠሩ የለመኑት እናት፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ ወገኔ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከወረታም ከገጠሩም እርማችሁን ልታወጡ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእናታችንን የወይዘሮ ሸዋነሽን ሕይወት በአጭሩ እናሰማለንና በትዕግሥት አድምጡን።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ከአባታቸው ከቄስ ወገኔ ደሳለውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጌ ገበያው በ1954 ዓ.ም. በፎገራ፣ ከርብ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ትምህርት ቤት ባይገቡም ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረው ዳዊት እስከ መድገም ደርሰዋል፤ የልባቸውን ሲለምኑ ግን በገዛ ቃላቸው፣ የሚሹትን ነገር በስሙ እየጠሩ ነበር።

ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ከአቶ ባየህ ማሩ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ሳይወልዱ ብዙ በመቆየታቸው ጣራ ገዳም ሄደው፣ ሌላው «ልጅ ስጠኝ» ሲል እሳቸው «አስቀድመህ የምታግዘኝን ሴት፣ አስከትለህ ወንድ» ብለው ለመኑ፤ ሉሊትና ሰውመሆንም በዚያው ተራ ተወለዱ። ጎረቤቱም «ሸዋነሽማ ፈጣሪን እንደ ገበያ ነጋዴ ትከራከረዋለች» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ሩዙን ሊወስድ ሲል ማሳቸው እንዲተርፍ ለመኑ፣ ተረፈም፤ የጎረቤታቸው የአቶ ዘመኑ ማሳ ግን በደለል ተዋጠ። በዚህ እጅግ አዝነው፣ ከዚያ ወዲህ የጎረቤትን ማሳ ሳይጠሩ ጸሎታቸውን አይዘጉም ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ሰውመሆን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደ ወረደ ድምፁ ጠፋ። አብረውት የሄዱት ተመልሰው «መንገድ ላይ ተለያየን» ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። እናቱም ጧት ማታ «ሰውመሆንን በመተማው መንገድ፣ በይፋግ በኩል፣ በቀን፣ በገዛ እግሩ አምጣልኝ» ይሉ ጀመር።

ሁለት ዓመት ሲሞላው ዘመድ አዝማድ፣ አባቱም ጭምር፣ ቁርጡን አውቀን እንረፍ ተባብለው፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ ለሕመማቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ በወረዱበት ሳምንት፣ ሬሳ በሌለበት ፍትሐት አስፈትተው ድንኳን ጣሉ። እሳቸው ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ ከድንኳኑ በር ቆመው «አታልቅሱበት፤ ገና እየለመንሁ ነው» አሉ። የነፍስ አባታቸው አባ ይርጋለም «ልጄ፣ ፈቃድህ ይሁን ማለቱ ይበቃሻል» ቢሏቸው፣ «ፈቃዱንማ እሱ ያውቃል አባቴ፤ የኔን ልንገረው እንጂ» ብለው መለሱ። አቶ ባየህ ግን ጥቁራቸውን አላወለቁም፤ በአንድ ጣራ ሥር አባት ልጁ ሞቷል ብሎ፣ እናት አልሞተም ብላ ኖሩ። ለሁለቱም ከባድ ኑሮ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋነሽ የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ልመናቸው እስከ መጨረሻው አንድ ነበር፤ መልሱን ሳያዩ መሄዳቸው ያንገበግበናል።

በሕይወት ከቀሩት መካከል ሰውመሆን ይጠራ አይጠራ በሚለው ቤተሰቡ ዛሬ ጧት ሲከራከር ቆይቶ፣ ይጠራ ብለው የቈረጡት አቶ ባየህ ናቸው። ስለዚህ ወይዘሮ ሸዋነሽ ባለቤታቸውን አቶ ባየህ ማሩን፣ ሴት ልጃቸውን ሉሊት ባየህን፣ ወንድ ልጃቸውን ሰውመሆን ባየህን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንም ትተው ሄደዋል። የመዝጊያውን ጸሎትም አቶ ባየህ እንዳዘዙን፣ በራሳቸው ቃል እናነባለን፦

አምላክ ሆይ፣ የሸዋነሽን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ አሳርፍልኝ፤ ልጃችን እዚህ ካለ፣ ለቀብሯ ባይደርስ ለአርባዋ አድርስልኝ፤ አንተ ዘንድ ካለ ግን፣ ወጥቶ እናቱን ይቀበላት። አሜን።