የአቶ ፋንታሁን የደረት ኪስ መሐረብ

አቶ ፋንታሁን አዘዘ ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ ስማቸው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ መዝሙር በ1949 ዓ.ም. ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ተወልደው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ጎንደር ገብተው ፒያሳ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ለመዱ።

ከሙያው ጋር የመሐረብን ደንብ ያዙ። የሱሪ ኪስ መሐረብ ላብ መጥረጊያ ነው፣ የራስ ነው። በኮት ደረት ኪስ ተተኩሶ የሚቀመጠው ነጩ ግን ባለቤቱ የማይጠርግበት፣ ለሚያለቅስ ሰው የሚሰጥ፣ ከተሰጠም በኋላ መልሱልኝ የማይባል ነው። ይህን ሳይነግሩ ለሙሽራ ኮት አስረክበው አያውቁም።

በ1970 ዓ.ም. ከወንድማችን ከወንዴ ጋር ሲሄዱ ታጣቂዎች አስቆሟቸው። መሐረባቸው እንዳይወድቅ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ቢያነሡ፣ መሣሪያ ሊያወጡ መስሏቸው ተኮሱ። ጥይቱ እሳቸውን ስቶ ወንዴን አገኘው። እኔ ታናሻቸው ቻላቸው ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ ጠብመንጃ ባለበት ቦታ እጃቸው ከወገባቸው በላይ ተነሥቶ አያውቅም፤ መሐረቡን ግን አልተዉም።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓይናዲስ ጋር ተጋብተው የትነበርሽንና ምንይችልን ወለዱ።

አምና የትነበርሽ ምጥ ጸንቶባት ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ስናመጣት፣ መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናችንን አስቆሙ። ማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ ዛሬም አልጠይቅም። አቶ ፋንታሁን ቀድመው ወረዱ።

«አያ፣ ያ ደረትህ ላይ ያለው ምንድን ነው? አውጣው» አላቸው አንዱ፣ አፈሙዙን አዙሮ።

እጃቸው አልነሣ አላቸው። የትነበርሽ ከመኪናው ውስጥ ስትጮኽ ግን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ሳቡት።

«መሐረብ ነው። ለልጄ ነው» አሉ።

መንገዱ ተለቀቀልን። መሐረቡን ለየትነበርሽ ሰጧት፤ የልጅ ልጃቸው ሶሊያናም በሰላም ተወለደች። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ መያዝ ተሳናቸው፤ ሌላ መሐረብ ብናመጣላቸውም እንቢ ብለው የደረት ኪሳቸው ባዶ ቀረ። በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ትተውናል። መሐረቡ ዛሬ በየትነበርሽ እጅ ነው፤ ደንቡ ነውና አትመልሰውም።

አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማያስቆምበት መንገድ ወስዶ ያሳርፍልን። ደረታችሁን የምትደቁ እዚሁ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽረ ግቢ ውስጥ ድቁ። የምንመለስበት መንገድ ሩቅ ነው፣ የታጠቁ ሰዎችም አሉበት፤ ከበሩ ስንወጣ እጃችን ከደረታችን ይውረድ።